ቆዳው አለ፣ እጁም አለ፤ ገዢው የት ነው?

ሽጉጥ በሕግ ተፈቅዶለት የሚታጠቅ ሰው ወገቡ ላይ ሁለት ነገር ያንጠለጥላል። አንደኛው ሽጉጡ የሚገባበት ማህደር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትርፍ ካዝና የሚያዝበት፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ኪስ ነው። ስለ ሽጉጡ ዋጋ ብዙ ይወራል፤ ስለ ማህደሩም አልፎ አልፎ ይነሳል። ስለዚያች ትንሽ የካዝና ኪስ ግን የሚናገር የለም። በፖሊሱና በጥበቃው ወገብ ላይ በብዛት የምትታየው የናይለን ሥራ ናት። ጠርዟ ሲተረተር ትጣላለች፤ በምትኩ ሌላ ናይለን ይገዛል።

ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ይሁንና በትንሽነቱ ውስጥ አንድ ትልቅ የገበያ ጥያቄ አለ። በበዓል ማግስት የበግና የፍየል ቆዳ ገዢ አጥቶ በየመንደሩ ሲጣል በሚታይበት አገር፣ ቆዳ ማርጠብና ቅርጽ ማስያዝ ለዘመናት ሲሠራበት በኖረ ከተማ፣ ወታደርና ፖሊስ ደግሞ በማይጠፋበት አካባቢ፣ ይህችን ኪስ ሠርቶ የሚሸጥ የቆዳ ሥራ ቤት ለምን አይበረክትም? ከተማዋ ሐረር ናት። ሐረርን ለዚህ ጥያቄ መነሻ ማድረግም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሐረር በቡናዋና በሴቶቿ የስፌት ሥራ ስሟ ይጠራል እንጂ በቆዳ ብዙም አትነሳም። ሆኖም የጀጎል መጽሐፍ ጠራዦች ሙያ ከስፌቱ የሚያንስ አልነበረም። በ1847 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1855) ወደ ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ በማግስቱ ዓመት ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የሐረርን አጠራረዝ ከፋርስ በቀር የሚበልጠው የምሥራቅ አገር የለም ብሎ አድንቋል። በርተን በቀላሉ የሚያደንቅ ሰው አልነበረም፤ ስለ ከተማዋ የጻፈው አብዛኛው ነገር ነቀፋ ነው። ጥራዙን ግን መንቀፍ አልቻለም።

የእነዚያን ጠራዦች ሥራ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የካዝናዋ ኪስ ጉዳይ ሩቅ አይሆንበትም። ቆዳው በወፍራም ወረቀት ላይ ይለበጣል፤ እርጥበቱ ሳይለቀው በማኅተም ተጭኖ ሐረግና አበባ ይወጣበታል። ከኋላው ሽፋን የሚነሳ ምላስ መሳይ ክዳን ደግሞ ዞሮ የመጽሐፉን አፍ ይዘጋል። እርጥብ ቆዳን በእንጨትና በአጥንት ተጭኖ የሚፈልገውን መልክ የሚያስይዝ፣ ክዳን ቆርጦ የሚያጥፍ እጅ፣ የካዝና ኪስ ለመሥራት የሚቀረው የመጠን ልዩነት ብቻ ነው። የታተመ መጽሐፍ ገበያውን ሲይዘው የጠራዦቹ ሙያ እየመነመነ መጥቶ ነበር። በአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የተቋቋመውና በጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው ሙዚየም የቆዩ መጻሕፍትን ከመሰብሰብና ከመጠገን ጋር ሙያው እንደገና እንዲያንሰራራ አድርጓል። ስለዚህ ዕውቀቱ ከእነ ሰዎቹ ገና በከተማዋ አለ ማለት ነው።

ቃሉ ራሱ የሁለቱን ሙያዎች ዝምድና ይናገራል። ካህናት የብራና መጽሐፍ አስገብተው በትከሻቸው ለሚያነግቱት የቆዳ መያዣ የሰጡት ስም ማህደር ነው። ሽጉጥ ሲመጣም ሕዝቡ ሌላ ስም አልፈለገለትም።

መሣሪያውም ቢሆን ለሐረር እንግዳ አይደለም። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማዋን የያዙት ግብፆች ከነጠመንጃቸው ነበር የመጡት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በሐረር ቡናና ቆዳ ሲነግድ ቆይቶ፣ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሲያቀርብ፣ ክፍያውን እንዲቀበል የታዘዘው ከአዲሱ የሐረር ገዥ ከደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ መኰንን ነበር። ቆዳ ነጋዴውና መሣሪያ ነጋዴው አንድ ሰው ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር አካዳሚ በከተማዋ ተከፈተ። የሦስተኛ ክፍለ ጦር መምሪያም እዚያው ነበር። በኋለኛው ዘመን ደግሞ የምሥራቅ ዕዝ መቀመጫውን በሐረር አደረገ። ሽጉጥ የሚታጠቀው በጦሩ ውስጥ በአመዛኙ መኮንኑ ነው፤ ሐረር ደግሞ ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ መኮንን የሚመረትባት ከተማ ነበረች።

የካንፑር ትምህርት

የሐረር አካዳሚ የመጀመሪያ አሠልጣኞች ከሕንድ ጦር የመጡ መኮንኖች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ይዘውት የመጡት የወገብ ትጥቅ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በወገብ ቀበቶው ላይ በቀኝ ትከሻ የሚያልፍ ቀጭን ጠፍር የሚጨመርበትን የመኮንን ቀበቶ ያወጣው ሳም ብራውን የተባለ፣ በሕንድ ያገለግል የነበረ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 በውጊያ ግራ እጁን ካጣ በኋላ ጎራዴውን በአንድ እጅ መምዘዝ ስለተቸገረ ነበር የፈጠረው። ከዚያ ወዲህ ቀበቶው ዓለምን ዞረ። በንጉሡ ዘመን የተነሱ የኢትዮጵያ መኮንኖች ፎቶግራፎች ላይም ይታያል።

ነገር ግን ከቀበቶው ታሪክ ይልቅ ለገበያ የሚጠቅመው ቀበቶው የሚሠራበት ከተማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት በሰሜን ሕንድ በካንፑር ከተማ ለጦሩ ኮርቻ፣ ልጓምና የቆዳ ትጥቅ የሚያቀርብ ፋብሪካ አቋቋመ። ጦሩ ገዢ ነው፤ ዘንድሮ ገዝቶ በሚቀጥለው ዓመት የሚጠፋ ገዢ አይደለም። ገዢው ቋሚ በመሆኑ ቆዳ አልፊው፣ ሰፊው፣ ቅርፊት አቅራቢውና ነጋዴው በፋብሪካው ዙሪያ ተሰበሰበ። ካንፑር ዛሬም ከሕንድ ዋና ዋና የቆዳ ከተሞች አንዷ ናት፤ ከቅኝ ገዥዎቹ መውጣት በኋላም ሥራዋ አልቆመም።

ሐረር አካዳሚም፣ ክፍለ ጦርም፣ የእጅ ሙያም ነበራት። ካንፑር ግን አልሆነችም። ለዚህ ብዙ ምክንያት ሊደረደር ይችላል፤ የውሃ እጥረቱ፣ የመንገዱ ርቀት፣ የባለሙያው ቁጥር ማነስ ሁሉ ይነሳል። ዋናው ግን ትእዛዝ ነው። የመንግሥት ትጥቅ በጅምላ በመሀል አገር ተገዝቶ በመኪና ተጭኖ ይደርሳል እንጂ ክፍሉ በሰፈረበት ከተማ ካለ የእጅ ባለሙያ አይገዛም። ባለሙያው ደግሞ ያልታዘዘውን አይሠራም። ለመሆኑ ገዢ ሳይኖር መቶ የካዝና ኪስ ሠርቶ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ማን ነው?

ሥራው እንዲህ ነው

የካዝና ማህደር ልብስ ላይ እንደሚለጠፍ ኪስ አይደለም። ካዝናውን አቅፎ መያዝ አለበት። ባለቤቱ ሲሮጥ፣ ሲጎነበስ፣ ከመኪና ሲወርድ መውደቅ የለበትም፤ በአንድ እጅ ሲሳብ ግን ወዲያው መውጣት አለበት። ክዳን ያለው ከሆነ ክዳኑ ይይዘዋል። ክዳን ከሌለው የሚይዘው የቆዳው ቅርጽ ብቻ ነው። ቅርጽ የማስያዝ ሙያ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ በዕፅ ቅርፊት የለፋ የከብት ቆዳ ነው። ሁለት ቁራጭ ይቆረጣል። የኋለኛው ሜዳ ሆኖ ከወገብ ጋር ይጋጠማል፤ የፊተኛው ሰፋ ተደርጎ ካዝናውን ያቅፋል። ጎንና ጎኑ ከተሰፋ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ይነከራል። ቆዳው ውሃ ሲጠጣ መልኩ ይጠቁራል፤ ጣት ሲጫነው ምልክት የሚይዝ ከሆነ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከተነከረ ይላላል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። በውስጡ ከካዝናው እጅግ በትንሹ የሚበልጥ የእንጨት ፎርማ ይገባል። ጫማ ሠሪ ፎርማ የሚለውን ቃል ከጣሊያን እንደወረሰው ሁሉ ዘዴውም ያው የጫማ ዘዴ ነው። በአውራ ጣትና ጠርዙ በተስተካከለ አጥንት ዙሪያው እየተጫነ የካዝናው መስመር በቆዳው ላይ እስኪወጣ ድረስ ይታሻል። ከዚያ በኋላ ፎርማው እንደገባ በጥላ ሥር አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ ሰው ቆዳውን አደርቃለሁ ብሎ እንደ ጥብስ ያጨማድደዋል።

ስፌቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው ማኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። በዚያ ጎዳና የሚሠሩት መኪኖች ግን ለጨርቅ የተሠሩ ናቸው፤ የተደራረበ 6 ሚሊ ሜትር ቆዳ አይበሱም። ስለዚህ ሥራው የእጅ ነው። ቀዳዳው አስቀድሞ በወስፌ ይበሳል። በሰም በተቀባ አንድ ክር ጫፍና ጫፍ ሁለት መርፌ ይገባና ሁለቱ መርፌዎች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። ይህ ኮርቻ ሰፊዎች የሚያውቁት ስፌት ነው። በመኪና የተሰፋ አንድ ቦታ ከተበጠሰ እየተተረተረ ይሄዳል። በሁለት መርፌ የተሰፋ ግን አንዱ ሲበጠስ ሌላው ይይዛል። በመጨረሻም ጠርዙ ተፍቆ በሰም ይታሻል፤ ቀለምና ጥቂት ዘይት ይጠጣል።

ፎርማውም አንድ ዓይነት አይደለም። የማካሮቭ ካዝና 8 ጥይት በአንድ ረድፍ ስለሚይዝ ቀጭን ነው። የቀድሞው ኮልት 7 ይይዛል፤ እሱም ባለአንድ ረድፍ ነው። ቤሬታ 92 ደግሞ 15 ጥይት በሁለት ረድፍ ስለሚጎርስ ወፍራም ነው። ለአንዱ የተሠራ ኪስ ሌላውን አይዝም፤ ወይ ይጠብበታል ወይ ይሰፋዋል። የማካሮቩ ካዝና ጎኑ ክፍት በመሆኑ የቆዳው ውስጠኛ ገጽ በደንብ ካልተላሰነ ብናኙ ወደ ሽቦው ይገባል። ይህን የሚያውቀው ሥራውን የሠራ ሰው ብቻ ነው። የናይለኑ ፋብሪካ ላስቲክ አስገብቶ ሁሉንም ካዝና በአንድ ኪስ ይገላገለዋል። ናይለኑ የሚረክሰውም፣ አያያዙም የሚላላው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ሒሳቡ

በአንድ ማህደር ላይ የሚውለው ቆዳ ስንት ነው? ሁለቱ ቁራጮች እያንዳንዳቸው 15 በ12 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ በድምሩ 360 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። የቀበቶ ማስገቢያውና ብጥስጣሹ ሲጨመር ወደ 450 ይደርሳል። ቆዳ በፋብሪካ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ነው፤ አንድ ስኩዌር ፊት 929 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ ከአንድ ስኩዌር ፊት ሁለት ማህደር ይወጣል ማለት ነው። አንድ የበሬ ቆዳ 20 ስኩዌር ፊት ቢሆንና የሆዱና የእግሩ በኩል ላላ ስለሆነ ግማሹ ብቻ ለዚህ ሥራ ይውላል ቢባል፣ ከአንድ በሬ 20 የካዝና ማህደር ይገኛል። ቀሪው ግማሽ ለቁልፍ መያዣ፣ ለቦርሳ፣ ለመጽሐፍ ጥራዝም ይሆናል።

ከዚህ ሒሳብ የሚታየው ዋጋው በቆዳው ላይ ሳይሆን በእጁ ላይ መሆኑ ነው። በመርፌና በአጥንት የሚሠራውን ሰዓት የሚወስደው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሞጆ ላለ ትልቅ ፋብሪካ አይመቸውም፤ በአሥር ፎርማ፣ በሁለት ሠራተኛና በአንድ ክፍል ለሚሠራ ሰው ግን እንጀራ ነው። ለአነስተኛ ሥራ ቤት የሚሆን ዕቃ ይፈለግ ከተባለ ከዚህ የበለጠ ማግኘት ያስቸግራል።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? አንደኛው ራሱ ቆዳው ነው። አንባቢ እዚህ ላይ "ቆዳማ ሞልቷል" ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ጥሬ ቆዳ ሞልቷል። የሚያስፈልገው ግን በዕፅ የለፋ ወፍራም የከብት ቆዳ ነው። የአገሩ ፋብሪካዎች በአመዛኙ የሚያለፉት እንደተቀረው ዓለም ሁሉ በክሮም ነው። ክሮም ፈጣን ነው፤ ቆዳውንም ለስላሳና ውሃ የሚችል ያደርገዋል። ለጫማ ፊት፣ ለጃኬትና ለጓንት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ቅርጽ ግን አይዝም። በክሮም የለፋ ቆዳ ነክረው ፎርማ ቢያስገቡበት ሲደርቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቀደም ሲል ፋብሪካዎቹ ለጫማ ሶል የሚሆን በዕፅ የለፋ ወፍራም ቆዳ ይሠሩ ነበር። የጎማና የፕላስቲክ ሶል ገበያውን ሲወስደው የዚያ ቆዳ ገዢም ሳሳ። ስለዚህ ሶሉ ሲቀየር የማህደር ሠሪውም ቆዳ አብሮ ቀነሰ።

የመንግሥት ፖሊሲም የራሱ ድርሻ አለው። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 567 ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳ ወደ ውጭ በሚላክበት ጊዜ እስከ 150 በመቶ የሚደርስ ግብር እንዲከፈልበት ተደረገ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ግፊቱ ከፍ ብሎ ፋብሪካዎቹ ያለቀለት ቆዳ ብቻ እንዲልኩ ተገደዱ። ዓላማው ቆዳው ባገር ውስጥ ወደ ጫማ፣ ወደ ጓንትና ወደ ቦርሳ እንዲለወጥ ነበር። ሐሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም። ይሁንና የታሰበው በትልቅ ደረጃ ጫማና ጓንት ለሚሠሩ ላኪዎች እንጂ፣ በወር ሦስት የከብት ቆዳ ለሚፈልግ የሐረር ሰፊ አልነበረም። ለእሱ አንድ ቆዳ ቆርጦ የሚሸጥለት ፋብሪካ ማግኘት ያኔም ቀላል አልነበረም። በቅርብ ዓመታት የጥሬ ቆዳ ዋጋ ሲወድቅም ጥቅሙ ለሰፊው አልደረሰም። ቆዳ ሲወደድ በሬህን እረድ ይባል ነበር፤ በሬው ታርዶ ቆዳው የሚጣልበት ዘመን ይመጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ቅርፊቱም ቢሆን የሌለ ነገር አይደለም። ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከደቡብ አፍሪካ ለዓለም ገበያ የሚቀርበው የማልፊያ ቅርፊት ዱቄት ከጥቁር ዋትል ግራር የሚገኝ ነው። በአማራ ክልል በአዊ፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ለከሰል ብሎ በሰፊው የተከለው ዲከረንስ የዚያው ግራር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልጡም ቆዳ የሚያለፋ ታኒን አለው። ግንዱ ከሰል ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ሲጫን ስለ ልጡ የሚጠይቅ ነጋዴ ቢገኝ አንድ ሌላ ገበያ ይከፈት ነበር። ባህላዊው አልፊም ቢሆን ያለ ክሮም በዕፅዋት ቆዳ ሲያለፋ ኖሯል። ለወፍራም የማህደር ቆዳ ግን የባህሉ መንገድ ብቻውን አይበቃም። ጉድጓድ፣ ውሃና የወራት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ፋብሪካ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ስለ አልፊው ካልቀረ አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ፋቂ የሚለው ቃል በብዙ ቦታ እስከ ዛሬ ስድብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ልጁን ለቆዳ ሥራ የሚያስተምር ወላጅ አሁንም ከሐኪምና ከመሐንዲስ ወላጅ ጋር እኩል ደረቱን አይነፋም። ጀርመን አገር ወይም ቴክሳስ ውስጥ ግን በእጅ የተሰፋ የሽጉጥ ማህደር የሚሠራ ሰው ስሙን በዕቃው ላይ አትሞ፣ ደንበኛውን ወራት አስጠብቆ ይሸጣል። ሰዎቹ የሚይዙት ወስፌና ሰም ያው ነው።

ናይለን ይሻላል የሚሉ ወገኖች ክርክርም ተሰምቶ ማለፍ አለበት፤ ባዶ ክርክር አይደለምና። የአሜሪካ ጦር ለረጅም ዘመን የተጠቀመበትን የቆዳ ማህደር ትቶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ቤሬታን ሲቀበል ማህደሩን ከናይለን ነው ያሠራው። ናይለን ዝናብ አይፈራም፤ ቀለም አይፈልግም፤ በጅምላ ሲገዛ ርካሽ ነው። ቆዳ ደግሞ ከረጠበ ይከብዳል። ጥይት ለረጅም ጊዜ በውስጡ ከተቀመጠም እርጥበቱና ማልፊያው ነሐሱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ስለዚህ በምሽግ ለሚያድር ወታደር የቆዳ ካዝና ማህደር ይግዛለት የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ይህ ገበያ ለቆዳ ተመልሶ አይመጣም።

ነገር ግን ሽጉጥ የሚታጠቀው ሁሉ ምሽግ ውስጥ አያድርም። መኮንኑ፣ የፖሊስ አዛዡ፣ በሲቪል ልብስ የሚሠራው መርማሪ፣ የባንክ ጥበቃ ኃላፊው፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ነጋዴ፣ በሰልፍና በክብረ በዓል የሚታየው ዘብ አለ። ለእነዚህ ቆዳ ይመረጣል። ከኮት ሥር ድምፅ አያሰማም፤ ልብስ አይበላም፤ በክብር ልብስ ላይ ያምራል፤ በአግባቡ ከተያዘም ብዙ ዓመት ያገለግላል። ቁጥራቸው ከሠራዊቱ ጋር ሲነፃፀር ጥቂት ነው። የሐረር አንድ ሥራ ቤት የሚፈልገውም ጥቂት ገዢ ነው። የአነስተኛ ሥራ ቤት ገበያ የሚለካው በሚሊዮን አይደለም። በወር 60 ማህደር የሚወስድ አንድ ቋሚ ገዢ ሁለት ሰው ያኖራል። በዓመት አንድ ጊዜ 5 ሺህ አዝዞ የሚጠፋ ገዢ ግን መጀመሪያ ያሰክራል፤ ቀጥሎ ያስርባል።

በዚህ ረገድ የግዥ አሠራሩ ነው መንገድ የሚዘጋው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ግዥ አዋጅ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት እንዲደረግ አስቀምጦ ነበር። ጨረታው ግን ቀበቶውን፣ ጫማውን፣ ማህደሩንና የካዝናውን ኪስ በአንድ ሎት ጠቅልሎ ሲወጣ አስተያየቱ ምን ይጠቅማል? ኪስ ብቻ የሚሠራው ሰው ጫማ አያቀርብም። ሎቱ ቢነጣጠል፣ ዝርዝር መግለጫውም ናይለን በሚል ቃል ባይጀምር፣ ባለሙያው ዋጋውን ይዞ ይቀርባል፤ ከተሸነፈም በዋጋ ወይም በጥራት ይሸነፋል። በዚያ ማንም አይከፋም።

ሥራ ቤቱም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል፤ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። ልክ ይወሰድልኝ ብሎ ጥይት የጎረሰ ካዝና ሱቅ ውስጥ ትቶ የሚሄድ ደንበኛ ለሰፊው ጦስ ነው። ለዚህም የእንጨት ፎርማ መድኃኒት ነው። የየዓይነቱ ካዝና ልክ አንድ ጊዜ ፈቃድ ባለው ሰው ፊት ተለክቶ፣ ፎርማው ተቀርጾ ቁጥር ከተሰጠው በኋላ፣ ደንበኛው "የማካሮቭ፣ በግራ የሚታጠቅ፣ ክዳን ያለው" ብሎ ማዘዝ እንጂ መሣሪያ ይዞ መምጣት አያስፈልገውም። በሥራ ቤቱ ውስጥ መሣሪያ የሚባል ነገር አይገባም። ባለሙያው የሚሸጠው ቆዳ ነው፤ ለሚመለከተው አካልም ይህንኑ ማሳየት ይችላል።

ቱሪስት ይገዛዋል የሚሉም አይጠፉም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ማንኛውም የእጅ ሥራ የሚታሰበው ለቱሪስት ነው። የካዝና ማህደር ይዞ አውሮፕላን የሚሳፈር ቱሪስት ግን ብዙ አይደለም። ቱሪስቱ በዚያው ፎርማ ዘዴ የተሠራ የመነጽር ማህደር፣ የስልክ ኪስ፣ የቢላዋ አፎት ይገዛል። ዘዴውን የተማረ እጅ እነዚህን ሁሉ ይሠራል። ቱሪስት ግን እንደ ወቅቱ ይመጣል፤ እንደ ወቅቱም ይቀራል። በየወሩ የሚገዛው የከተማው መሥሪያ ቤት ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ መንቀሳቀስ ያለበት ገዢው ነው። በሐረር ካሉት የፖሊስ፣ የዕዝና የጥበቃ ተቋማት አንዱ 200 የካዝና ማህደር ለሙከራ ቢያዝ፣ መቶው ለማካሮቭ መቶው ለቤሬታ ቢሆን፣ ከላይ በተቀመጠው ስሌት 10 የበሬ ቆዳ ይበቃል። ፋብሪካ ለ10 ቆዳ በሩን ላይከፍት ይችላል። ስለዚህ ሰፊዎቹ ከመጽሐፍ ጠራዦቹ ጋር ተባብረው በዕፅ የለፋውን ቆዳ በአንድነት ቢገዙ፣ ጠራዡ ስሱን፣ ማህደር ሠሪው ወፍራሙን ይወስዳል። ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ ካልተሰጠ ቆዳው አይገዛም፤ ባንክም ለወስፌና ለፎርማ አያበድርም። ርክክቡም ከሰኔ በፊት መሆን ይኖርበታል። በሐምሌና በነሐሴ ፎርማ የገባበት ቆዳ በአንድ ቀን አይደርቅም፤ ሦስት ቀንም ሊወስድ ይችላል፤ ቸኩሎ እሳት አጠገብ ያስቀመጠውም ማህደሩን ከእነ ትርፉ ያጣዋል።